ቅዳሜ ማታ የሚዞረው አበባ

በልዋን ቤት ካሉት ብርድ ልብሶች ሁሉ ወፍራሙን፣ ቀዩን የሠርግ ብርድ ልብስ ደርቦ የሚያድረው አበባው ነበር። የቤቱ ባለቤት አዛውንቱ ልዋን ግን ትራም ይነዱ በነበረበት ዘመን የተሰጣቸውን አሮጌ ካፖርት በስስ ብርድ ልብስ ላይ ጥለው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ያድራሉ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሱቺን ክፍሉን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ወዲህ፣ ባሏ ቼንዩ አጠገቧ እያንኮራፋ፣ አማቷ ደጋግመው ሲያስነጥሱ ሰማች። ከዚያ ከከሰል ምድጃው ጋር ሲያወሩ ሰማች። «እኔም ቅጠል ባበቅል ምን ነበረበት» አሉ፤ «የሚያለብሰኝ ሰው አላጣም ነበር።» ለምራታቸውማ የጎዳናው ዛፍ ቅጠሉን ማርገፍ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እሷም አትልም። ሱቺን ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረችና ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ግድ የለም፣ ዛሬ ሁሉ ነገር ያልቃል ብላ አሰበች። አበባውን የሚገዛው ሰው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

የተኮራረፉት በሻይ የተነሳ ነው። አዛውንቱ የተረፋቸውን ሻይ፣ ለአበባው አዝነው፣ ሸክላው ውስጥ ቢደፉት ሱቺን ደርሳ ጮኸችባቸው፤ ያውም በሩ ክፍት ሆኖ፣ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሥሩን ሊያበሰብሱት ነው እንዴ? ማየት ካቃተዎት አይንኩ!» አለቻቸው። ዓይናቸው ደክሞ ትራም መንዳት ለተዉ ሰው ይኼ የሚባል ነገር አልነበረም። ሱቺንም ቃሉ ካፏ እንደወጣ አውቃዋለች፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም፣ ይቅርታ ማለት ደግሞ ለሷ ጥርስ ከመነቀል ይከብዳታል። ከዚያ ወዲህ «አባትህን እራት ቀርቧል በላቸው» ትላለች ለቼንዩ። «ሚስትህን አልራበኝም በላት» ይላሉ እሳቸው። ይህ ሁሉ ሦስቱም በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ነው። ምስኪኑ ቼንዩ በመካከላቸው እንደ ስልክ ሽቦ ተወጥሮ ከረመ።

አበባው ጁንዝላን ይባላል፤ የጨዋ ሰው አበባ እንደማለት ነው። በዚያ ዓመት ቻንግቹን ከተማ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥም፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤትም፣ የሐኪም ቤት ወረፋ ላይም ወሬው ሁሉ ቅጠል ነበር። የእገሌ ቅጠል ሰፋ፣ የእገሊት አጠረ፣ እነ እገሌ ደግሞ አንዱን ተክል ባለቀለም ቴሌቪዥን ለወጡበት። ሱቺን ሦስት ቅጠል ያላትን ችግኝ ታቅፋ ወደዚህ ቤት ስትገባ ይህ ሁሉ ወሬ ገና አልተጀመረም ነበር። አባቷ የመናፈሻ አትክልተኛ ነበር፤ ለሠርጓ የሰጣትም ይችኑ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ያኔ «ምነው ድስት ቢሰጣት» ብሎ ሲያማው ከርሟል። አሁን ያ የታማ ችግኝ የባልና ሚስቱን የዓመታት ደመወዝ የሚያወጣ ተክል ሆኖ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ፣ በረዶ ባበበበት መስኮት ሥር ተቀምጧል።

ለምን ይህን ያህል ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሳድጎት የማያውቅ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢለፉለት የሚያወጣው ቅጠል በጣት የሚቆጠር ነው። ቸኩለው በማዳበሪያ ቢያጣድፉት ቅጠሉ ይረዝማል፤ ቅጠሉ የረዘመ ጁንዝላን ደግሞ ከሽንኩርት አይሻልም። ዘሩን ቢዘሩት ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ከብዙ አንዱ ቢመስል ዕድል ነው። ቅጠሉ አጭር፣ ሰፊ፣ ጫፉ ክብ፣ መስመሩ በሽማግሌ እጅ ላይ እንዳለ የደም ሥር ጎላ ያለ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ በሥርዓት ካልተደረደሩ፣ ከፊት ሲያዩት የተዘረጋ ማራገቢያ፣ ከጎን ሲያዩት አንድ ቀጭን መስመር ካልመሰሉ ዋጋው ይወርዳል። ተክል ደግሞ ብርሃን ይወዳል፤ ከተዉት አንገቱን ወደ መስኮቱ ይጠመዝዛል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሸክላውን ግማሽ ዙር ማዞር ነው፤ ፊቱ ጀርባው፣ ጀርባው ፊቱ እንዲሆን። ሱቺን ይህን ዘንግታ አታውቅም። ቅዳሜ ማታ ከሹራብ ፋብሪካው ስትመለስ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ በጨለማው ሄዳ ሸክላውን ታዞራለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትቀመጠው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቅጠሎቹ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ መስሏት ደንግጣ ነበር። ፊት ለፊት የሚሠራው አዲስ ፎቅ ብርሃኑን ተሻምቶት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ሰው የሚፈራውን ነገር አተኩሮ አያይም።

ጠዋት ቀዩን ብርድ ልብስ ገለጠችለትና ጨርቅ ቢራ ውስጥ እየነከረች ቅጠሉን አንድ በአንድ ወለወለች። ቢራ ቅጠልን ያበራል ይላሉ። የክፍሉ አየር በመጠጥ ቤት ሽታ ተሞላ፤ የጠዋቷ ፀሐይ በመስኮቱ በረዶ ውስጥ ወተት ወተት መስላ ገባች፤ ቅጠሎቹም ከውስጣቸው መብራት የበራ ይመስል አረንጓዴ ብርሃን ጣሪያው ላይ ረጩ። ሱቺን ጨርቁን ይዛ ፈዝዛ ቆመች። እንዲህ ባሉ ሰዓታት ቤቱ ጠባብ መሆኑን፣ መጋረጃውን፣ የአልጋውን ሲጥሲጥታ ሁሉ ትረሳለች፤ ኩሬ ሥር የተቀመጠች ያህል ድምፅ ሁሉ ይርቃታል። «ቢራው ለቅጠል፣ የፈላ ውሃው ለሽማግሌ» የሚል ማጉረምረም ከጀርባዋ ሲመጣ ነው የነቃችው። አንገት ልብሷን ጠምጥማ ወጣች።

ደረጃው ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ባይ የከሰል ባልዲ ይዘው ሲወጡ አገኘቻቸው። «ልጅሽን የምትድሪው ዛሬ ነው አሉ!»

«ዛሬ ነው እትዬ ባይ። ይቅናሽ በሉኝ።»

«ይቅናሽ እንጂ! ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ የኔንም ሽማግሌ መስኮት ሥር አስቀምጬ በየሳምንቱ ባዞረው ይቃና ይሆን?»

«እሳቸውማ ቅጠላቸው ረዝሟል፣ አይሸጡም» አለች ሱቺን፤ እትዬ ባይም ባልዲያቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ትራሙ ውስጥ ሰዉ ሁሉ በትንፋሹ ጉም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መስኮቶቹ በበረዶ ስለተሸፈኑ ከተማው አይታይም፤ ልጆች በሳንቲም ፍቀው በከፈቷት ቀዳዳ የቀይ ግንብ ቁራጭ፣ የፈረስ ጋሪ፣ የጭስ ማውጫ እየመጣ ያልፋል። አንድ ሰውዬ በሕፃን ማቀፊያ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ ለጥፎ ገባ፤ አንዲት ሴት ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና «ስንት ወሩ ነው?» አለችው። «ወር ሳይሆን ሰባት ቅጠል ነው» አላት። ሴትዮዋም ቅንጣት ሳትገረም «ጫፉ ክብ ነው ወይስ ሹል?» ብላ ጠየቀችው። ሱቺን ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ከትራሙ ጋር እየተወዘወዘች፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ነገር ውስጥ ገባች። ከተማው ሙሉ ሌላ ነገር ታቅፎ የሚሄድ መሰላት። ሁሉም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የያዘው አበባ ሳይሆን ነገ የሚገባበት ቤት፣ የሚድረው ልጅ፣ የሚታከምበት ገንዘብ ነበር፤ በረዶውም በዚያ ሁሉ ላይ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር።

እሷ በአበባው ልትገዛው ያለመችው ቤት ከወንዙ ዳር ነው። የወይዘሮ ሙ ነው፤ እሳቸው ልጃቸው ዘንድ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሊሄዱ ስለሆነ ይሸጡታል። አምስት ሺሕ ዩዋን ብለዋል፤ ሱቺንና ቼንዩ በወር ደምረው የሚያገኙት መቶ ነው። ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ሸክላ የሆነ፣ ግቢው ውስጥ የጎመን ጋን የተደረደረበት አሮጌ ቤት ነው። ግን ሁለት ክፍል አለው። በሰሜን ያለው ጨለም ይላል፤ እሱ ለሷና ለቼንዩ። በደቡብ ያለው ሰፊ መስኮትና ከሥሩ እሳት የሚሄድበት የጡብ መደብ አለው፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ መደብ ላይ አትወርድም። እሱ ለሽማግሌው ነው። ጉልበታቸውን ብርድ ጨርሶታል፤ ደግሞስ ብቻቸውን ውሃ እንኳ ማፍላት የማይችሉትን ሰው ለማን ትታ ትሄዳለች? ሱቺን ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቼንዩ «ከወንዙ ዳር የወይዘሮ ሙን ቤት አይቻለሁ» ብቻ ነው ያለችው፤ ስለ ደቡቡ ክፍል ብትነግረው እራት ሳይቀርብ ለአባቱ ያቀብላል። እውነቱን ለመናገር ግን ዝምታዋ ለጥንቃቄ ብቻ አልነበረም። እልህም ነበረው። በትራም፣ በፋብሪካ፣ በእንቅልፏ ሳይቀር ያን ቀን ስታየው ከርማለች፤ በሩን ትከፍታለች፣ ፀሐዩ ይፈስሳል፣ እሷም «ይኼ የርስዎ ክፍል ነው» ትላለች፣ ሽማግሌው በእፍረት አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያ በኋላ መነጋገር ቀላል ይሆናል። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ሳትል ይቅር መባባል ይቻላል።

ሱቺን ስትደርስ ወይዘሮ ሙ መደቡ ላይ አስቀምጠው የፈላ ውሃ ቀዱላት። «እስከ ዛሬ ማታ ነው የምጠብቅሽ» አሏት፤ «ነገ ጠዋት የዘይት ነጋዴው ልጅ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። እኔስ ላንቺ ብሰጥ ነበር ደስ የሚለኝ፤ ግን ደስታዬ የባቡር ትኬት አይሆነኝም።» ሱቺን እጇን በጡቡ ላይ ዘርግታ ሙቀቱ በመዳፏ ሲወጣ ይሰማት ነበር። ከመስኮቱ ውጪ ወንዙ ቀጥ ብሎ ረግቷል፤ ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው በረዶው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ድምፃቸው ቆይቶ ነው የሚደርሰው። መሄድ እያለባት ብዙ ቆየች።

ገዢዋ ከሐርቢን ከተማ የመጡ፣ ወይዘሮ ቺው የተባሉ፣ የፀጉር ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሴት ናቸው። ቤት ሲገቡ ከሰዉ በፊት አበባውን ነው ያዩት። ጓንታቸውን አወለቁ፣ የቅጠሉን ስፋት በጣታቸው ለኩ፣ ጫፉን ዳሰሱ፣ «ዘሩ ጥሩ ነው» አሉ፤ «አባትሽ ሰው ነበር።» ሱቺን ልቧ ዘለለ። ቼንዩ ሲጋራ ሊያቀርብ ተነሳ፤ ሽማግሌው ጥጋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ጎን ዞረው ቁጢጥ አሉና፣ አናጺ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ። ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። በክፍሉ ውስጥ የምድጃው ከሰል ሲሰነጠቅ ይሰማል።

«አላዞርሽውም» አሉ ሲነሱ።

«አዞራለሁ እንጂ! በየሳምንቱ ነው የማዞረው። ልሙት፣ አንድ ቅዳሜ አልፎኝ አያውቅም።»

«የኔ እህት፣ ለኔ አትማዪልኝ። ተክሉ ራሱ እየተናገረ ነው።» ሸክላውን ከፍ አድርገው ጎኑን አሳዩዋት። በመስኮቱ በኩል ያለው ደርቆ ነጭ ጨው አውጥቷል፤ በቤቱ በኩል ያለው አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። «በረዶው ከገባ ወዲህ ይህ ሸክላ አንድ ቦታ ነው የቆመው። ቅጠሎቹ አንገታቸውን ጠምዝዘዋል። ቢቃና ስድስት ሺሕ ልሰጥሽ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን ሰባት መቶ። እሱም ለዘሩ ብዬ ነው።»

«ይኼው ቅጠሉ! ዘሩ ጥሩ ነው ብለው የለም?»

«ቅጠልማ ሜዳ ሙሉ አለ። ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው አንድ ቀን እንኳ ሳይሰንፍ የኖረ ሰው ስላለበት ነው። እዚህ አበባ ላይ ያ ሰው የለም» አሉና ጓንታቸውን አጠለቁ። ሱቺን ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ድሃ ብትባል፣ ሞኝ ብትባል ትችለው ነበር፤ ሰነፍ መባሉ ግን አጥንቷ ድረስ ገባ። በሰባት መቶ አልሸጥም አለች። ሴትዮዋም አልተከራከሩም፤ እዚያው ሰፈር ሌላ ሦስት ቤት እንደሚያዩ ተናግረው ወጡ።

ቼንዩ መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «በየሳምንቱ አዞራለሁ ስትዪኝ እኮ አምኜሽ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ባርኔጣውን አንስቶ፣ ወይዘሮ ሙ በከንቱ እንዳይጠብቁ ሊነግራቸው ወደ ወንዙ ዳር ሄደ። በሩ ሲዘጋ ያ የደቡብ ክፍል ከነፀሐዩ ከሱ ጋር ወጥቶ የሄደ መሰላት። ማልቀስ ፈልጋ እንባ አልመጣ አላት፤ እጇ ግን ሥራ ይፈልግ ነበርና ዱቄት አቦካች። ሊጡን እየዳመጠች፣ ኮምጣጣ ጎመን ከስብ ጋር እየጠቀለለች፣ ጂያውዚ የሚሉትን የሊጥ ጥቅል በሰሌዳው ላይ ደረደረች። ለሁለት ሰው የሚበዛ ነበር።

ሐሳቧ ዝም ብሎ ይዞር ነበር። ሸክላውን አዙራለች። ይህን እጇ ያውቀዋል፤ ትናንት ማታ እንኳ በጨለማው ጨብጣዋለች። ሸክላው ግን አልዞረም፤ ይህንንም ሻጋታው ያውቀዋል። ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ መስኮቱን ሲያለብሰው፣ ከአበባው ጀርባ ያለው በረዶ እየቀለጠ ሲወርድ አየች፤ ቀን ቀን ቤት የሚውለው፣ እሑድ እሑድ ቀድሞ የሚነሳው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቃት። ጂያውዚውን በሳህን አቀረበች። ሳህኑን ፊታቸው አድርጋ፣ ከጎናቸው ሳይሆን ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሸክላውን ያዞሩት ነበር?»

ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። ሽማግሌው የመብያ እንጨቶቻቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«ማታ ስታዞሪው እሰማሻለሁ» አሉ። «ጠረጴዛው ላይ ክርር ይላል። ዓይን ሲደክም ጆሮ ይበረታል መሰለኝ። እሑድ ጠዋት፣ እናንተ ሳትነሱ፣ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ።»

«ተሳስተው ነው? የሚረዱኝ መስሎዎት ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ቼንዩ ነገረኝ። ሱቺን ቤት አይታለች አለኝ። አበባው ሲሸጥ ልትሄዱ ነው። እኔ እዚህ ከአራት ግድግዳ ጋር ምን ልሁን? ከኔ ጋር ብትጣዪም እኮ ሰው ነሽ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ስታስዪ እሰማለሁ፣ ድስት ስትከፍቺ እሰማለሁ። ‹አልራበኝም በላት› የምለው ሰው እንኳ ሊጠፋ ነው። አልፈርድባችሁም፤ ወጣት ናችሁ። ግን እውነቱን ንገሪኝ አንቺ ልጅ። ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነበር። አይደለም ወይ?»

ሱቺን መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። በሩን ከፍታ፣ ኮሪደሩ ሙሉ እየሰማ፣ የሠሩትን ልትጮኽባቸው ዳዳት። ከንዴቱ ኋላ ደግሞ ያ መደብ፣ ያ ከጠዋት እስከ ማታ የማይወርድ ፀሐይ፣ በሙቀቱ ላይ የተዘረጉ የሽማግሌ ጉልበቶች መጡባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ ክፍሉ የርስዎ ነበር ብትላቸው እዚያው በተቀመጡበት ይሰበራሉ። ይገባቸዋል ደግሞ። እንዴት አድርጋ እንደምትለው ለወራት ስትለማመደው የከረመችው እሷ አይደለችም ወይ? ግን ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በደከሙት ዓይኖቻቸው ፊቷን እየፈለጉ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቋት። እንባዋ አሁን ከየት እንደመጣ አላወቀችም። በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ ዱቄቱ ፊቷ ላይ ቀረ።

«አዎ አባባ» አለች። «ጥለንዎት ልንሄድ ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትከሻቸው ወረደ፤ ፊታቸው ላይ ሙግት የረታ ሰው እርካታ ታየ። «አውቄዋለሁ» አሉ። «እኔን ማን ያታልለኛል!» እንጨቶቻቸውን አንስተው አንድ ጂያውዚ ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሏት።

ሱቺን ጨው ልታመጣ ተነሳች።